ለአንድ ዓይን ሁለት ቃል

ይድረስ ለልጄ። እንዴት ከርመሃል? ሚስትህና ልጅህስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። እኔ ስናገር የምትጽፈው እህትህ ናት፤ ከራሷ ከጨመረችበት እንዳታምናት።

ልጅህን ግን ምከርልኝ። ባለፈው በስልክ፣ «አያቴ፣ የላክሁልህን ፎቶ አየኸው?» ብትለኝ፣ በእንግሊዝኛዋ ላስደስታት ብዬ «ሉክ፣ ሉክ» አልኳት። ሳቀችብኝ! «‹ሉክ› ዓይንህን ወደ ነገሩ ማዞር ነው፤ ነገሩ ዓይንህ ውስጥ ሲገባ ነው ‹ሲ› የሚባለው» አለችኝ። ለአንድ ዓይን ሁለት ቃል ምን ያደርጋል? አርባ ዓመት የሰው ፀጉር ሳስተካክል አንዱም አላስፈለገኝም።

ሥራው ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት የዳቦ ቤቱን ባለቤት ጆሮ መቀስ ነካው፤ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። «ጋሼ፣ ጆሮዬን እንኳ ይተዉልኝ፣ መነጽሬን የምሰቅልበት ነው» ብሎ ተሳለቀብኝ። አሁን ማዶ ካለው ጎረምሳ ዘንድ ይስተካከላል። አምፖሉንም ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፤ የዛሬ አምፖል እኮ ብርሃን የለውም። እህትህ «ሐኪም ቤት እንሂድ» እያለች ትነዘንዘኛለች። አምፖል ሐኪም ቤት ይወሰዳል?

ለልጅህ ትምህርቱ ገብቶታል በላት። ፎቶዋን መስታወቱ ጥግ ሰክቼ ጠዋት ማታ «ሉክ» አደርጋታለሁ። «ሲ» እንዲሆን ግን ይዘሃት ና፤ አትዘግይብኝ። መስኮቱ አጠገብ፣ ቀረብ ብላ ትቁምልኝ።

በሉ፣ ሰላምታዬ ለሦስታችሁም ይድረስ። የጣቴ አሻራ ከመስመሩ ወጥቶ ብታገኘው፣ ወረቀቱ ጠብቦ ነው።

አባትህ