ሁለቱ ቁጥር ሦስቶች

ለወንድሜ ለኖላዊ መኩሪያ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅህ ጉንፋን ተወህ ወይ? ሥራህስ፣ ቤትህስ፣ ያቺ ውሻዋ ሲጮኽ የሚያድረው የጀርመን ጎረቤትህስ ደኅና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባም ጉልበቴን ያመኛል ከማለት በቀር ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ራዲዮናቸውን ያዳምጣሉ። ይህን ሁሉ ሰላምታ ሳላጓድል የጻፍኩት አባባ ከጎኔ ተቀምጠው «መጀመሪያ ሰላም በዪው፣ ከዚያ ትሰድቢዋለሽ» ስላሉኝ ነው። እንግዲህ ሰላም ብዬሃለሁ። አሁን ወደ ስድቡ ልግባ።

በእጅ መጻፌ ገርሞህ ይሆናል። የሰው ጽሑፍ በኮምፒዩተር የምትመታበት የጽሕፈት ቤት ያላት ሴት እንደ ተማሪ በእስክሪብቶ ስትጽፍ ማየት ያስቃል። አትሳቅ። ምክንያቱን እስክትጨርስ ታገኘዋለህ።

አምና ክረምት መጥተህ ያን ሁሉ ገመድ ሳሎን ውስጥ ስትዘረጋ አስታውስ። ሦስት ኮምፒዩተር አያያዝክልን። አንዱን ቡፌው ሥር አስቀምጠህ «የሁላችሁም ጽሑፍ እዚህ ይቀመጣል» አልክ፤ እኛም ጎተራው አልነው። ለእሱ ቁጥር አንድ፣ ለእኔ ማሽን ቁጥር ሁለት፣ ለጸሐፊዬ ለአረጋሽ ማሽን ቁጥር ሦስት ሰጠህ፤ በፕላስተር ላይ ጽፈህም ለጠፍክባቸው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቁጥር አለው፣ በዚያ ቁጥር ነው የሚተዋወቁት ብለህ ስታስረዳን አረጋሽ በደብተሯ ጻፈችው። እኔ አልጻፍኩም። ሰነፏ እኔ ነበርኩ፣ እሱን አምናለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ በጎተራው ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ መምጣት ጀመረ። ቁጥር ሦስት ከዚህ ካርድ ወደዚያ ካርድ ተዛወረ ይላል፤ ካርድ ያልከኝ በየማሽኑ ውስጥ ገመዱ የሚሰካበትን ነው፤ ቀጥሎ የካርዶቹን መለያ፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ረጅም ነገር ይደረድራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ተዛወረ ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ የአረጋሽ ማሽን «ይህን ቁጥር ሌላ ማሽን ይዞታል» ብሎ ይዘጋባታል፤ የጻፈችው ግማሹ ሳይቀመጥ ይቀራል። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነቅዬ ጠረግኩት። ገመዱን ለወጥኩ። መብራት እየሄደ እየመጣ ነው ያበላሸው ብዬም መብራት ኃይልን ረገምኩ። የግንቦት ልደታ ዕለት ስትደውል ነገርኩህ። ምን አልከኝ? «አጥፍተሽ አብሪው፣ ይተዋል» አልከኝ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። አልተወም፣ ኖላዊ።

ከዚያ የዮዳሄ ነገር መጣ። ዮዳሄ የመመረቂያ ጽሑፏን ለእኛ የሰጠች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ማስረከቢያዋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ግንቦት ዐሥራ ሦስት ቀን፣ ዓርብ፣ ማታ ላይ ልናትምላት ብንፈልገው ሁለቱ ምዕራፎች ከጎተራው የሉም። ልጅቷ እፊቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ደሜ ፈላ። አንተ ያሳየኸኝን የጎተራውን መዝገብ ከፈትኩ፤ ማን ምን እንዳስቀመጠ፣ ማን ምን እንደሰረዘ የሚጽፍበትን። ቁጥር ሦስት ሰረዘው ይላል። ሰዓቱንም ጽፎታል፤ ስምንት ከዐሥር።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ወረቀት ልገዛ መርካቶ ነበርኩ። ቤት ውስጥ አባባ ተኝተዋል። ቁጥር ሦስት ላይ የተቀመጠችው አረጋሽ ብቻ ናት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልግ?

አረጋሽን ታውቃታለህ። አራት ዓመት ሙሉ ከፉሪ፣ ዝናብ ሆነ ጭቃ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከበሩ ደርሳ አንድ ቀን ሳታረፍድ የሠራች ሰው ናት። እኔ ግን ዮዳሄ ፊት አቆምኳት። ለሌላ ተማሪ ሸጠሽው ነው ወይስ ለክፋት ነው ያጠፋሽው አልኳት። እሷ አልጮኸችም። «እትዬ፣ እኔ አልነካሁም። ማሽኑ እኮ ስንት ቀን ሲነግረን ከረመ፤ ሌላ ሰው በእኔ ቁጥር እየገባ ነው» አለችኝ። ደብተሯንም አወጣች፤ ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣቸው ኖሯል፣ ያንን ረጅም ፊደልና ቁጥር ሳይቀር። ሁለት ዓይነት ካርድ ነው የሚጠራው፣ አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላውን አላውቀውም አለችኝ። እኔ ደብተሩን ገፋሁት። እዚህ ቤት ያለን ሦስት ማሽን ብቻ ነው፣ አራተኛው ከሰማይ ወረደ ወይ ብዬ አላገጥኩባት። በማግስቱ እንዳትመጣ ነገርኳት። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

አሁን ስማኝ፣ እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። አረጋሽ ከሄደች በኋላ ማስጠንቀቂያው ቀጥ አለ። ማሽኗን ጨርቅ አልብሼ በእኔው በቁጥር ሁለት እሠራለሁ፣ ጎተራው ዝም። አየህ አልኩ፣ እሷ ነበረች። እንዲያውም ሳሪስ የጽሕፈት ቤት ያላቸው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ አረጋሽ ሥራ ልትጠይቃቸው ሄዳ ኖሮ፣ ስለ እሷ ደውለው ጠየቁኝ። «ሥራዋ ጥሩ ነው፣ እጇ ግን አይታመንም» አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ሰኔ አራት ቀን የእኔ ማሽን የፊደል መምቻው አልሠራ አለኝና የአረጋሽን ጨርቅ ገልጬ ቁጥር ሦስት ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስክሪኑ «ይህን ቁጥር ሌላ ማሽን ይዞታል» አለኝ። እኔኑ። አረጋሽ በሌለችበት። ቡፌው ሥር ጎንበስ ብዬ ጎተራውን ባየው፣ ሦስት ተዛወረ ብሎ ጽፏል። አዎ፣ አልገባህም መሰለኝ፤ ማስጠንቀቂያው ቀጥ ያለው ጥፋተኛዋ ስለሄደች አልነበረም። አንደኛው ቁጥር ሦስት ስለጠፋ ሌላው የሚጣላው አጥቶ ነው።

ገመዱን በእጄ መከተል ጀመርኩ። ከማሽኑ ተነሥቼ፣ ምንጣፉን ገልጬ፣ ቡፌውን ብቻዬን ገፍቼ። አንተ ጫፉ ላይ ትንሽ መዝጊያ ገጥመህ እዚህ ጋ ያልቃል ብለኸኝ ነበር። መዝጊያው የለም። በእሱ ፋንታ ሌላ ገመድ ተቀጥሎ፣ በመስኮቱ ጠርዝ ተበስቶ በጋዜጣ በተወተፈ ቀዳዳ ወጥቶ፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ ተጋድሞ ክብረት ቤት ይገባል። ክብረት፣ ያንተ አብሮ አደግ። ከአንድ ቆጣሪ ለሦስት ቤት መብራት እንደምንቀጥለው ቀጥሎታል።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁበት። ምሳውን እየበላ፣ ኮምፒዩተሩን አብርቶ ተቀምጧል። አልደነገጠም። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ኖላዊ አልነገረሽም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አወራልኝ። የፋሲካ ዕለት እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ በእኛ ስልክ ሲያናግርህ፣ ከጎተራው ልጠቀም ብሎ ለምኖህ፣ ገመድ ሳብ፣ ቁጥር ሦስት ማሽን ላይ የሞላሁትን ሁሉ እንዳለ ወደ ማሽንህ ገልብጥ፣ ለእፀገነት እኔ እነግራታለሁ ብለኸዋል። እኔ እኮ ማዕድ ሳነሣ በአጠገቡ ሁለት ጊዜ አልፌአለሁ! እሱም እንዳለ ማለት እንዳለ ነው ብሎ ቁጥሩን ጭምር ገልብጦታል። እኔ ሀና ማርያም ለቅሶ የሄድኩ ቀን መጥቶ ቀጠለው፤ በሩን የከፈቱለት አባባ ናቸው። አባባ እኔ የማውቅ መስሏቸው፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር ሳይኖር። አንተ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ደወልክ? ስለ ማስጠንቀቂያው ስነግርህ እንኳ ክብረት ትዝ አላለህም?

የዮዳሄንስ ምዕራፍ አልኩት። ቦታ ጠቦኝ የኖላዊ አሮጌ ነገር መስሎኝ ያጠፋሁት ነገር አለ፣ ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው አለኝ። አይደለም፣ በስምንት ሰዓት ነው፣ ጎተራው ጽፎታል ብዬ ተከራከርኩት። ክብረት ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ አየኝና፣ እሱ እኮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ኖላዊ ነው እንደዚያ የተወው አለኝ።

በፈረንጅ ሰዓት! በእኔና በአረጋሽ ማሽን ላይ እኔው ራሴ በሐበሻ ሰዓት ስሞላ አጠገቤ ቆመህ ስቀህብኛል። የግድግዳው ሰዓት በሐበሻ፣ የአባባ የእጅ ሰዓት በሐበሻ፣ በዚህ ቤት ያለ ሰዓት ሁሉ በሐበሻ ሲቆጥር፣ ቡፌው ሥር የተደበቀው አንዱ ብቻ ባንተ አገር አቆጣጠር እንደሚሄድ ለምን አንድ ቃል አትነግረኝም? ስምንት ከዐሥር ያልኩት ጠዋት ሁለት ከዐሥር ነው። በዚያን ሰዓት አረጋሽ ገና ፉሪ ታክሲ እየተጋፋች ነበር። ማሽኗ አልበራም። ወንበሯ ባዶ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሻይ እጠጣ ነበር።

በማግስቱ ከአባባ ጋር ፉሪ ሄድን። አባባ በዚያ ጉልበታቸው ጭቃውን ወጡት። አረጋሽ ለአባባ ወንበር አቀረበች፣ እግራቸውን አየች፣ ውኃ አመጣች። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ክብረትን፣ ገመዱን፣ ሰዓቱን፣ አንተን። አባባ ይቅር እንድትለኝ ለመኗት። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። «እትዬ፣ ስለ ጋሼ ኖላዊ አትንገሪኝ፣ እሱ እኔን ሌባ አላለኝም። ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ የነገርሽውን ሄደሽ በአፍሽ አንሺው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ሰኞ ሳሪስ ሄድኩ። በስልክ የሰደብኳትን በአካል ቆሜ አነሣሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት አልኩ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አዳመጡኝና፣ ምነው ልጄ፣ አምኜሽ እኮ ሌላ ሰው ቀጠርኩ አሉኝ። ወደ እኔ ቤት ተመለሽ ብዬ አረጋሽን ለመንኳት፤ እስካሁን መልስ አልሰጠችኝም። እንደዚያ ያለ እጅ ያላት ሰው ዛሬ ያለ ሥራ ቤቷ ተቀምጣለች።

የክብረትን ገመድ ቆርጬዋለሁ። በቢላዋ ነው የቆረጥኩት፣ አልጸጸትም። ካስፈለገው ራስህ መጥተህ የራሱን ቁጥር ስጠውና ቀጥልለት። መዝጊያውን ከእሱ ተቀብዬ ቦታው መልሼዋለሁ። የጎተራውን ሰዓት ግን አልነካሁትም፤ ከላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ፈረንጅ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሳየው እንዲያበሽቀኝ እፈልጋለሁ።

ተናድጄብሃለሁ፣ ኖላዊ። ከዚያ ሆነህ ቤታችንን ለሰው ትከፍታለህ፣ እኔ ግን በሩ መከፈቱን የምሰማው በመጨረሻ ነው። በአባባም ተናድጄአለሁ፣ አጠገቤ ስለሆኑ አልጽፈውም። በክብረት የተናደድኩትን ወረቀት አይችለውም። ግን ያን ማስጠንቀቂያ በአረጋሽ ደብተር ላይ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ይዛው እንድትሄድ እንኳ አልፈቀድኩላት ኖሯል፣ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሽኑ እውነቱን ነው የተናገረው፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ይዘዋል አለ። የሰው ስም አልጠራም። ስም የጠራሁት እኔ ነኝ።

አባባ በጣም ናፍቀኸኛል፣ ጉንፋኑን በነጭ ሽንኩርት ያዘው ብለውሃል። አክስታችን ሐመረ ከሀና ማርያም እንደምን ነህ ብላለች፤ የለቅሶው ሰዎች ሁሉ ይጠይቁሃል። ዮዳሄ ጽሑፏን እንደገና ጽፌላት በሰዓቱ አስረክባለች፤ አታውቅህም እንጂ እሷም ሰላም ትልህ ነበር። ክብረት ሰላም በይልኝ ብሎኛል፣ አልልም።

ደብዳቤዎቼን ሁልጊዜ የምትመታልኝ አረጋሽ ነበረች። መጨረሻው ላይ ደርሳ አንድ መስመር ትለምነኝና «እኔም አረጋሽ፣ ጋሼ ኖላዊን እጅ ነሥቻለሁ» ብላ ትጨምር ነበር። ቦታውን እንደ ወትሮው ትቼላታለሁ።

 

እኅትህ እፀገነት መኩሪያ
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ሰኔ ፲፫ ቀን ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.