ወላጅ አምጪ ተብላ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ጎረቤላ

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? የአንኮበር ብርድ ለጉልበት አይሆንም፤ እባክሽ ማለዳ ማለዳ አትውጪ። እኔ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ብናኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ሰላምታው ይብቃና ወደ ነገሬ ልግባ። ታውቂኛለሽ፣ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም።

ቀንቻለሁ። በገዛ እህቴ፣ በአንቺ ቀንቻለሁ። ይኸው ወጣልኝ።

ልጄ ህሊና ክፍል ውስጥ ወንበር ወርውራ መስኮት መስበሯን፣ ወላጅ አምጪ መባሏንም የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም ከጎረቤት። እኔ እናቷ ከትምህርት ቤቱ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ እያለሁ፣ ልጄ በሚኒባስ አንኮበር ድረስ ሄዳ አንቺን ይዛ መጣች! አላምን ብዬ ሄጄ ወረቀቱን አየሁት። “ወላጅ” በሚለው ቦታ ላይ የአንቺ አውራ ጣት ታትሞበታል። እዚያው እንደቆምኩ እሳት ለበስኩ። አምጬ የወለድኳት እኔ! ቤሩት የሰው ወለል ስፈትግ ስምንት ዓመት ያለቀስኩላት እኔ!

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ። ሲያሰኝሽ ጥለሽኝ የምትሄጂ፣ ሲያሰኝሽ የምታነሺኝ ዕቃ ነኝ ወይ አለችኝ። ልብሷን በፌስታል አድርጋ ወዳንቺ መጣች። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም፤ ባንቺ ስልክ ሳስጠራትም አልቀርብም አለች አልሽኝ።

እኔ ቤት በር የምትደበድብ፣ ሳህን የምትወረውር ልጅ አንቺ ጋ እግርሽን ታጥብልሻለች አሉ። እየሳቀችም ትውላለች አሉ። ሳቋን እኔ እኮ አላውቀውም! ይህን ስሰማ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ ልነግርሽ አልችልም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተማሪዎችን የሚመክር መምህር ምህረቱ የሚባል አለ። ቆጣ ብሎ ይገስጽልኝ ብዬ ብሄድ፣ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። እንቅልፍ ትተኛለች ወይ፣ ጓደኛ አላት ወይ፣ ቤት ውስጥ ጩኸት ይበዛል ወይ አለኝ። አስራ አምስት ዓመት ለራሷም ግራ የሚያጋባ ዕድሜ ነው፤ ግን የልጅ ንዴት ብዙ ጊዜ ከስሩ ሌላ ነገር አለው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ምን አጣች አለኝ።  ሥራ ረፍዶብኛል ብዬው ወጣሁ።

ምን እንዳጣች አውቃለሁ፣ እትዬ። ከቤሩት ተመልሼ ካንቺ ስወስዳት የደብረ ብርሃን ትምህርት ይሻላታል አልኩሽ። ዋናው ነገር ግን እሱ አልነበረም፤ አንቺን “እማዬ” ስትልሽ መስማት አልቻልኩም። ለገና ላኪልኝ ስትዪኝ ጓደኛ አፍርታለች፣ አንኮበር አልሄድም አለች አልኩሽ። አላለችም፤ ልብሷን ሸክፋ ቁጭ ብላ ነበር። ለእሷ ደግሞ አክስትሽ ደክሟታል፣ ከእንግዲህ አትምጣብኝ ብላለች አልኳት። አንቺ ይህን በአፍሽም አላልሽው፣ በልብሽም አላሰብሽው። ለፋሲካም ደገምኩት። ሁለታችሁንም ይሉኝታ ያዛችሁና አልተጠያየቃችሁም፤ አንቺ እንዳታሳፍሪያት፣ እሷ እንዳትከብድሽ። እኔም በዝምታችሁ ሁለት ዓመት ኖርኩበት።

ያም ሆኖ፣ አትፈልግሽም የተባለችው ልጅ ወላጅ አምጪ ስትባል ወዳንቺ ነው የመጣችው። ቁርጤን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ ትዪኝ ይሆናል። አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም፤ ይህን የምታነብልሽ እሷ ናት። እዚህ ስትደርስ ድምጿ ቢቆም፣ ወረቀቱን ብትወረውረው አትቆጫት። ትናደድ፣ ይገባታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ይዣት ልሄድ አይደለም። ደጅሽ ላይ እቆማለሁ፤ ግቢ ካለችኝ እገባለሁ፣ ካላለችኝ በመጣሁበት እመለሳለሁ። አንቺ ግቢ እንዳትዪኝ፣ አደራ።

ኪዳነ ምሕረት ሁለታችሁንም ትጠብቅልኝ። ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ።

ላንቺ፣ ታናሽ እህትሽ። ለምታነብልሽ ግን፣ ልትጠራኝ በፈቀደችው ስም።