ቤታችን ከሰማይ እንዲታይ

ለክቡር የ«አረንጓዴ ጥላ» ዓለም አቀፍ የደን ክብካቤ ኩባንያ የበላይ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ የዲላ ሙቀት እንዳይከብድዎ፣ ባረፉበት ሆቴልም ውሃው እንዳይቋረጥብዎ ከልብ እመኛለሁ። ሉሲ ደበበ እባላለሁ። ዲላ ከተማ የታሪክ መምህርት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት ኮንጋ መንደር፣ እርስዎ በካርታዎ ላይ «ባለቤት አልባ ደን» ብለው አረንጓዴ በቀቡት ስፍራ ነው። ባለቤት በሌለው ደን ውስጥ ተወልዶ ለመምህርነት መብቃት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሳይረዱልኝ አይቀሩም።

ርዕሰ መምህራችን ከትልልቅ ሰዎች ጋር በአደባባይ መጻጻፍ እንደማይበጀኝ በአባትነት መክረውኛል፤ ምክራቸውም ሌላ ምንም ባይሆን እንቅልፌን ወስዶታል። ፈርቻለሁ። ዝም ስል ግን የባሰ ስለምፈራ ከሁለቱ ፍርሃት ቀለል ያለውን መርጬ እጽፍልዎታለሁ።

ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሳስተምር ሰሌዳውን ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፤ መነሻ፣ ማመካኛ፣ ውጤት። ተማሪዎቼ ነገሩ የጥንት ታሪክ መስሏቸው ያንቀላፉ ነበር። እርስዎ ከመጡ ወዲህ ግን ማንም አያንቀላፋም፤ ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አቤቱታዬንም በዚያው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ስለ መነሻው። የቀደሙት ሰዎች ባሕር አቋርጠው የሚሄዱት ለወርቅ፣ ለጎማና ለዝሆን ጥርስ ነበር። እርስዎ ከዚህ ተራ ስግብግብነት ጸድተው የመጡት የዛፎቻችንን ትንፋሽ ፍለጋ ነው። ዛፎቻችን ከአየር የሚስቡትን ጭስ በኩባንያዎ ስም አስመዝግበው ባሕር ማዶ ላሉ ባለፋብሪካዎች እንደሚሸጡላቸው፣ እነሱም የገዙትን ይዘው ያለ ሐሳብ ማጨሳቸውን እንደሚቀጥሉ መንደሩን በሰበሰቡበት ቀን ሳይደብቁ ነግረውናል። አባቴ ደበበ ቡና ሸጦ ያውቃል፤ ጥላ እንደሚሸጥ ግን አልሰማም ነበርና ዕድሜውን ሙሉ በነጻ ሲቀመጥበት ኖሯል። ይቅርታ ያድርጉለት።

፪. ስለ ማመካኛው። የቀደሙት «ልናሠለጥናችሁ መጣን» ይሉ ነበር። እርስዎ ደግሞ ደኑን ከሰው ሊጠብቁ መጡ፤ ደኑን የተከለው ያው ሰው መሆኑን የሚናገር ግን ከባለሙያዎችዎ መካከል አልተገኘም። በእኛ አገር ትልልቁ ዛፍ ከላይ፣ ቡናው ከሥሩ፣ እንሰቱ ከጎኑ፣ ቤቱ ከመሐል ነው። ከሳተላይት ሲያዩት ጣሪያ የለም፣ ሰው የለም፣ ጭው ያለ ጫካ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መሬታችንን ከእኛ በላይ እናውቃለን ብለው የመጡት እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። የአያቴን መሬት ቃላድ የሚሉትን የመለኪያ ገመድ ጥለው ለክተው ለሌላ የሰጡት፣ እሱንም በገዛ ጓሮው ገባር ያደረጉት ሰዎች ፈረንጆች አልነበሩም፤ ቋንቋቸውም አሁን እኔ የምጽፍልዎ ቋንቋ ነበር። አያቴ መሬቱ ተመልሶ የእሱ በሆነ ዓመት ከደጁ አንድ የዋንዛ ዛፍ ተከለ። ልብ ይበሉልኝ፣ ነገሬ ሁሉ ስለዚያ ዋንዛ ነው።

ባለሙያዎ ከአስተርጓሚው ከጆሲ ጋር ወደ ጓሯችን ሲመጣ ዋንዛውን ሽቅብ አይቶ በአድናቆት ይህ ሁሉ የማን እንደሆነ ጠየቀ። በእኛ ዘንድ ሰው ስላማረለት ነገር ሲጠየቅ «የኔ ነው» ማለት ነውር ነው። ቡናው ቢያፈራለትም ልጁ ብትመረቅለትም አንገቱን ደፍቶ «የእግዚአብሔር ነው» ይላል፤ ጠያቂውም «እሱ ይባርክልህ» ብሎ ይመርቀዋል። አባቴም እንደ ወጉ መለሰ። ባለሙያዎ ግን በመመረቅ ፈንታ ባለቤት የለውም ብሎ ጻፈ። ጎረቤታችን ሙሉካ ተጠየቀ፣ እሱም ያንኑ አለ። ከላይ እስከ ታች አንድ ጉረኛ ጠፍቶ መንደሩ በሙሉ በጨዋነቱ በካርታው ላይ ከርስቱ ተነቀለ። ጆሲን አልወቅሰውም፤ የተባለውን ቃል በቃል ተርጉሟል። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኛል፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር ከሆነ ደኑን ለሠላሳ ዓመት የያዙበትን ውል ከማን ጋር ተፈራረሙ?

፫. ስለ ውጤቱ። በቀበሌያችን በለጠፉት ማስታወቂያ መሠረት ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ «በደኑ ውስጥ የተገኙ ሰፋሪዎች» ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። እዚያው ተወልዶ ያረጀው አባቴ ሰፋሪ መሆኑን የሰማው ከዚህ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርታ የሚያነሣው ድሮንዎ በላያችን ሲያልፍ ወሬውን ያቋርጣል፣ ቀና ብሎም አያይም። የእናቴ መቃብር ዋንዛው ሥር ነውና ከተዛወረ በኋላ መጥቶ ማየት ይፈቀድለት እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። እኔ ተማርኩ የተባልኩት ማስታወቂያውን ደጋግሜ ባነበው ስለ መቃብር የሚል አንድ ቃል አጣሁበት። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ስዘጋጅ ግን በተራ ቁጥር የማይገባ ነገር ደረሰ።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ሞተር ሳይክሉ ዋናው መንገድ ላይ ሲያወርደኝ ወደ ታች ብመለከት የቤታችን ቆርቆሮ ወለል ብሎ ታየኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ሆኜ ቤታችንን አይቼው አላውቅም ነበርና ቦታ የተሳሳትኩ መሰለኝ። እየሮጥኩ ስወርድ ዋንዛው ተጋድሞ፣ አባቴ ግንዱ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መጋዙ እግሩ ሥር ነበር። ከሥር የነበረው ቡና በቀጥታ ፀሐይ ቅጠሉ ጠውልጓል፤ የእናቴም መቃብር ሐሩር ላይ ወጥቷል። ምነው ብዬ ስጮህ ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«ከሰማይ ነው የሚያዩን አሉ። ይኸው፣ ቤት መኖሩን ይዩ።»

አለቀሰ ክቡር ሆይ። አባቴ ለእናቴ ቀብር እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር።

እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም፤ የማስታወቂያዎ ሌላው አንቀጽ ትዝ ብሎኝ ነበርና። በተከለለው ደን ውስጥ ዛፍ የቆረጠ ሁሉ በደን አጥፊነት ይጠየቃል ይላል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሰው የለም ተባለ፤ ዛፉ ሲወድቅ ደግሞ አጥፊ ተገኘ ሊባል ነው። እንዲህ ግራ ቀኙ የተዘጋ ነገር ከመጻሕፍት ብቻ አስተምር ነበር፤ አሁን ግን በአባቴ ላይ አየሁት። ቢመጡና ቢወስዱት የት ብዬ እንደምጮህ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ካርታውን ከማጽደቅዎ በፊት ባለሙያዎን መልሰው ይላኩልንና ጥያቄውን ይለውጥልን። የማን ነው አይበል፤ ማን ተከለው ብሎ ይጠይቅ። የሟች ስም መጥራት በእኛ ዘንድ ጉራ አይደለምና ያን ጊዜ ማንም አንገቱን አይደፋም። አባቴም ሙሉካም ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ቆመው የአባቶቻቸውን ስም ይነግሩታል። ቀኑ ቢመሽበትም ማደሪያ አይቸገርም፤ እኛ እስካለን ድረስ ቤት አለ።

በተረፈ የማናውቀውን ሰፋሪነታችንን ስላሳወቁን፣ ጥላችንን ከእኛ ለማዳን ስለሚደክሙ፣ አባቴንም በስተርጅና ለደን ጥበቃ ሲሉ ዛፍ ቆራጭ ስላደረጉት ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ።

በባለቤት አልባው ደን የተገኘች፣ የሰፋሪው የደበበ ልጅ፣
መምህርት ሉሲ ደበበ
ዲላ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ስወጣ ለአባቴ መጋዙን የሸጡለትን የብረታ ብረት ነጋዴ አቶ ባህሩዲንን አገኘኋቸው። ከኮንጋ፣ ከአሪቻና ከወርቃ የሚመጣው ገበያተኛ በዝቶ ሱቃቸው ውስጥ አንድ መጋዝ እንኳ እንዳልቀረ፣ ሌላ እንዲመጣላቸውም እንዳዘዙ ነገሩኝ። እባክዎን ሳተላይትዎን አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ፤ በዚህ አያያዛችን ባለቤት መሆናችን በቅርቡ ጥርት ብሎ ይታይዎታል።