ይስሐቅ ያንብብልዎ

ሶዶ፣ መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ኤርካሎ
ሐዋሳ

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እኛ ደህና ነን። እንሰቱ ዘንድሮ አምሮበታል፤ ላሚቱም ወልዳለች። ዓይንዎ ጭራሽ ማየት እንደተወ ሰምቼ አዝኛለሁ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ይስሐቅ ነው። ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ መጥቼ እንድወስድዎ፣ ከእንግዲህም እኔ ዘንድ እንዲኖሩ በስልክ አስነግረውኛል። የይስሐቅ ሚስት ቤቱ ጠበበኝ ማለቷንም ሰምቻለሁ። አልገረመኝም።

እኔ የአምናውን ጊፋታ አልረሳሁም። በእኛ ቤት በሬው ታርዶ ዘመድ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ፣ አባት የመጀመሪያውን ቁራጭ ሥጋ የሚሰጠው ለበኩሩ ነው። ለእርስዎም አባትዎ እንዲሁ አድርገዋል። እጄን ታጥቤ ፊትዎ ቆሜ ነበር። እርስዎ ግን፣ “ይስሐቅ የት አለ? ስሜን ያስጠራው እሱ ነው” ብለው እኔን አልፈው ለእሱ ሰጡት። ያኔ ዓይንዎ ደህና አድርጎ ያይ ነበር። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ባለቤቴ አሳየሽ ያን ቀን ስታነሳ ዛሬም ታለቅሳለች። እርሻዎን ያረስሁት፣ ሲታመሙ ኦቶና ሆስፒታል ያስታመምሁዎት እኔ ነኝ። እሱ ዲግሪውን ይዞ መጣ፤ በቃ።

ትናንት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን በእርስዎ ቦታ እኔ መራሁ። የመረጥሁት የዮሴፍን ታሪክ ነው። እርስዎ ሲያስተምሩ ሁልጊዜ የሚወቀሱት ወንድሞቹ ነበሩ። እኔ ጉድጓዱን ትቼ ስለ ቀሚሱ ጠየቅሁ፤ ማን አለበሰው? ያዕቆብ ልጅ ማበላለጥ ምን እንደሚያመጣ በአባቱ ቤት አይቶ ነው ያደገው። ከዔሳው ሸሽቶ አገር ጥሎ የተሰደደው በዚሁ ጦስ ነው። ታዲያ እሱም አባት ሲሆን ያንኑ ደገመው። በመጨረሻ እማማ አስካለች ከኋላ ሆነው፣ “ልጆቹን ያባላቸው እኮ ሽማግሌው ነው” አሉ። ስምዎን የጠራ የለም፤ ሁሉም ያሰበው ግን እርስዎን ነው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽዎትም።

የጊፋታ ዋዜማ መኪና ይዤ እመጣለሁ። አልጋዎ ተዘጋጅቷል። ይስሐቅም አብሮን ይመጣል፤ እሱ ከቀረ ግን እርስዎንም አልወስድም። እሁድ፣ የአምናዎቹ ጎረቤቶች ባሉበት፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእኔ ይሰጡኛል። “በኩሬ” ብለው ይጠሩኛል። ሁለቴ ቢሉትም አልጠላም።

እኔ ግን አልበላውም። የሚያቃጥለውን ዳጣ አስነክቼ ይስሐቅን አጎርሰዋለሁ። ሰው የወንድም ፍቅር መስሎት ያጨበጭባል። ይስሐቅ፣ አንተ ግን የበኩር ምጽዋት እንደሆነ ታውቃለህ፤ እያየሁህ አላምጠህ ትውጣለህ።

አባቴ፣ ጌታ ለዚያ ቀን ሳያደርስዎ እንዳይወስድዎ ማታ ማታ እጸልያለሁ።

የበኩር ልጅዎ
ደገፉ ኤርካሎ