ስልሳ አምስት ሊትር

ጥር 3

አሮጌው ቦርሳዬ ዛሬ አረፈ። ቁልቁለቱን ስወርድ የሥሩ ስፌት ተተረተረና ድስቱ፣ ካልሲው፣ ባትሪው… ሁሉም እየተንከባለለ ከእኔ ቀድሞ ጥበቃ ጣቢያው ደረሰ። አብሮኝ ደን የሚጠብቀው ቀጮ ድስቱን ተቀብሎ "ዕቃህ ገብቷል፣ አንተስ መቼ ትመጣለህ?" አለኝ።

ጣቢያው ግድግዳ ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዓመታዊው ፈተና ከስድስት ሳምንት በኋላ። አሥራ ስምንት ኪሎ ተሸክሞ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ከዚያ ወዲያው ተኩስ ሜዳ። የወደቀ ጫካ አይገባም፤ መግቢያው በር ላይ ትኬት ይቆርጣል። አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጋሼ፣ አንተማ በሩ ላይ ብትሆን ጥላ አለ፣ ወንበር አለ…" አለኝ።

ወንበር! ይሄን ልጅ እኮ የአውሬ ዱካ መለየት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጥር 6

ቦርሳ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ አንዱን አውርዶ "ይሄ ታክቲካል ነው" አለ። ምን ማለት ነው? "ወታደር የሚይዘው ዓይነት። አይቀደድም፣ ውሃ አያስገባም፣ ሃያ ሁለት ኪስ አለው።" ሠላሳ አምስት ሊትር፣ አርባ አምስት ሊትር፣ ስልሳ አምስት ሊትር። ቦርሳ በሊትር ይሸጣል እንዴ? አልጠየቅኩም። እንደሚያውቅ ሰው "ትልቁን" አልኩ። መስታወት ፊት ዞር ዞር አልኩበት። አለቃ ይየኝ አልኩ በሆዴ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

"ማንን ተሸክመህ መጣህ?"

"ታክቲካል ነው።"

"ታክሲካል?"

"ስልሳ አምስት ሊትር!"

"ታዲያ ውሃው የታለ?"

ልብስ ሰፊ ናት፤ የተሰፋ ነገር ካየች ሳትገለብጥ አትለቅም። ገለበጠችው። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተያያዘበትን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገች። አራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሃሉ በኤክስ ተመትቷል። "ስፌቱስ ስፌት ነው" አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዚፑን አሥር ጊዜ ከፍታ ዘጋች። ከዚያ ተሸክሜው እንድቆም አደረገችኝና ሳቋን ለቀቀችው። የወገብ ቀበቶው መቀመጫዬ ላይ ነው ያረፈው።

"የኔ ጌታ፣ እንድታድግበት ነው የገዛኸው?"

አኮረፍኩ። እራት ግን በላሁ።

ጥር 11

ልምምድ ጀመርኩ። ትልቅ ቦርሳ ክፉ ነው፤ ባዶ ቦታ ካለው ሙላኝ ሙላኝ ይላል። ሞላሁት። ሃያ ሦስት ኪሎ። ቀጮ "ቤት ልትቀይር ነው?" አለኝ። ድንጋይ ላይ አረፍ ብዬ ልነሳ ስል ቦርሳው ወደ ኋላ ጎተተኝና እሾሁ ውስጥ በጀርባዬ ተዘረርኩ። እጅ እግሬ ወደ ላይ… ልክ እንደ ኤሊ። ቀጮ መጀመሪያ ስቆ ጨረሰ፣ ከዚያ አነሳኝ።

የታችኛው ኪስ ተቦጭቋል። አይቀደድም ተብሎ አልነበር?

ጥር 14

ወገቤ።

ጥር 15

ለእሷ አልነገርኩም። ምን ቆርጦኝ!

"የጫማህን ክር ለምን አታስረውም?"

"ፋሽን ነው።"

"በሃምሳ አንድ ዓመትህ?"

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ። እኔን ቦርሳ አሸከመኝ።

ጥር 18

በጨው ዓይኔን ታጥቤ ሱቁ ተመለስኩ። "በትንሹ ቀይርልኝ።" ሻጩ የተቦጨቀውን ኪስ አሳየኝ። "አባቴ፣ ይሄ እኮ ጫካ ገብቷል።" ጫካ ሊገባ አይደል የተገዛው? ኩም ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ወገቡን፣ ኤሊውን፣ ሻጩን። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም።

"ፈርተሃል?"

አዎ፣ ፈርቻለሁ። በሩ ራሱ ምን ያደርገኛል? ግን ጠዋት ጠዋት እነቀጮ ዕቃቸውን ተሸክመው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ እኔ ተቀምጬ ትኬት ስቆርጥ… እሱን አልችለውም። ነገርኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሩቁን የጥበቃ ዙር ነው የሄድኩት፤ አሥር ቀን ጫካ። የቅርቡ አምስት ቀን ነው፣ ለጀማሪ የሚሰጥ።

"እኔማ ብትቀርልኝ ደስታዬ ነው" አለች። "ልጆቹ ከወጡ ወዲህ አሥር ቀን አያልቅም። ግን ተጥለህ እንድትቀር አልፈልግም። ተነስ፣ ቁም።"

ሜትሯን አወጣች። አንገቴ ሥር ወጣ ያለችውን አጥንት ዳብሳ አገኘችና ከዚያ እስከ ዳሌዬ ለካች። ደግማ ለካች። ለሠርጋችን ሱሪ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቀችልኝም።

"ሲገዙት በጀርባ ይለካል እንጂ በሊትር ምን ያደርጋል?" አለች።

ከዚያ መቀስ አነሳች። መቀስ! አዲስ ቦርሳ ላይ! ማየት አልቻልኩም፤ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ጥር 22

ሦስት መርፌ ተሰበረ። በእያንዳንዱ መርፌ የምረገመው እኔ ነኝ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ተኩል ከነተቦጨቀው ኪስ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቀበቶው ከፍ ብሎ ተሰፍቷል።

"አሁን ስንት ሊትር ሆነ?"

"የሚበቃህን ያህል።"

አሥራ ስምንት ኪሎ ከትቼ ሞከርኩት። ቀበቶው ዳሌዬ ላይ ቁጭ አለ። ትከሻዬ ምንም ያልያዘ መሰለኝ። ላመሰግናት ፈልጌ "ክሩ ግን ቀለሙ ትንሽ ይለያል" አልኳት። አይ እኔ!

ጥር 30

አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ወገቤ ምንም አላለኝም። ቀጮ ቦርሳዬን ዞሮ ዞሮ አየና "ሲታጠብ አጠረ እንዴ?" አለ።

የካቲት 15

ዛሬ ነበር።

ከአሥራ አንድ ሰው ስምንተኛ ሆኜ ገባሁ፤ በሰዓቱ። ልቤ በአፌ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ተኩስ ሜዳ ከመግባት በፊት ደግሞ ኪስ ሁሉ ይፈተሻል፣ የተረሳ ጥይት እንዳይኖር። የኔ ሃያ አንድ ኪስ ነው! አለቃ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ላብ አጠመቀው። "ጋሼ፣ ይሄ ቦርሳ ነው ወይስ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ?" እሱ ሲከፍትና ሲዘጋ የኔ ትንፋሽ ተመለሰ። ኪሶቹ ይባረኩ።

ተኛሁ። ጠመንጃውን ቦርሳው ላይ አስደገፍኩ። እንደ ድሮ ቁመቱ ቢሆን ሰማይ ነበር የምመታው። አሁን ልክ ነው። አሥር ጥይት፤ ማለፊያው ሰባት።

ስምንት!

አለቃ እጄን ጨብጦ "ስለ ወንበሩ ይቅርታ ጋሼ" አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው እኮ።

ቤት በር ላይ ቆሜ "ስምንት" አልኳት።

"ከስንት?"

"ከአሥር።"

"ሁለቱንስ የት ጣልካቸው?" አለችና ፊቷን ወደ መኪናዋ መለሰች። ዓይኗን ግን አይቼዋለሁ። ዛሬስ አመሰገንኳት፣ ያለ ክሩ ቀለም።

የካቲት 20

ነገ መውጫ ነው። የሩቁ ዙር። ዕቃ ልከት ብል አልገባ አለ። ድንኳኑ ገባ፣ ብርድ ልብሱ ገባ፣ ውሃው፣ መድኃኒቱ። ስንቁ ጋ ስደርስ ግማሹ መሬት ላይ ቀረ። አወጣሁ፣ እንደገና አጠፍኩ፣ በጉልበቴ ጨፈለቅኩ። ድስቱን ውጭ አንጠለጠልኩ። ወይ ፍንክች።

"አንቺ! ይሄ ቦርሳ የአሥር ቀን ስንቅ አይዝም እኮ!"

"አውቃለሁ።" ቀና እንኳ አላለችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "የአምስት ቀን ነው የሰፋሁት።"

ለካ ያን ቀን ጀርባዬን ብቻ አልነበረም የምትለካው! ተናደድኩ? ትንሽ። ከዚያ ግን ሳቄ መጣ፣ እሷም መቆየት አልቻለችም፣ መኪናዋን አቁማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ቀጮ ትርፍ ቦርሳ አለው። ልዋሰው እችላለሁ። ሰዎቹስ ምን ይሉኛል…

የካቲት 21

ማለዳ ጣቢያው ደጅ ተሰለፍን። አለቃ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ ያው የሩቁ አይደል?"

"የቅርቡ።"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቀጮ ተጠጋና "ምነው? ስምንት መትተህ? አመመህ እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ደህና ነኝ" አልኩት። "ቦርሳዬ ትንሽ ናት።"