ዘፈኑ መሀል ያለው ሳቅ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ሻል አለሽ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? አባባን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ መነታረካቸውን ተዉ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ እስከ ትናንት ወዲያ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስፌቱን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። አይዞሽ፣ አልታመምኩም።

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ቤቱ ሊቀባ ስለሆነ አሮጌዎቹን ካሴቶች በከረጢት አስሬ ልጥላቸው ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። በሞቴ፣ እንዳትጥያቸው። አውጥተሻቸው ከሆነም ሮጠሽ መልሻቸው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ያ የልጅነታችን ዘፈን ትዝ ይልሻል፤ የአራቱ ጓደኛሞች፣ ቋንቋውን ሳናውቅ አፋችን እንዳመጣልን የምንዘፍነው። መጀመሪያ ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ያጉረመርማል፣ ሁለተኛው ከሥሩ ይገባል፣ ሦስተኛው ይደርባል፣ ቀጭኑ ከላይ ሲመጣ አንቺ ወንበር ላይ ትወጪ ነበር። ትናንት ወዲያ የስፌት ቤታችን ሬዲዮ ድንገት እሱን ለቀቀው። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ቋንቋው ይገባኛል፤ ለካ ስለ ድሮ ሰፈራቸው ነው፣ ማታ ማታ ደጅ ላይ ተሰብስበው ሲዘፍኑ ስለሚቆጧቸው ጎረቤቶች። እንዴት እንደሚያምር ምን ልበልሽ፤ አራት ሰው ሆነው አንዱም አንዱን አይጋፋም። ስፌቱን ትቼ አብሬያቸው ዘፈንኩ።

መሀል ላይ አራቱም ጸጥ የሚሉባት ቦታ አለች አይደል? ያቺ ሴትዮ የምትስቅባት፣ እኛም አብረናት የምንስቅባት። እሷ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዴ ሳቅሁ። ብቻዬን። ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልብስ ቆራጩ ሽማግሌ፣ የእነዚህ የአራቱ ዘፋኞች ነገር የማይሆንላቸው ሰው ናቸው፣ ምን አሳቀሽ አሉኝ። ሴትየዋ የት ሄደች ብላቸው በዚህ ዘፈን ውስጥ ሴት የለችም አሉ። ሲቀልዱብኝ መስሎኝ ተከራከርኳቸው። በነጋታው ቤታቸው ወስደው፣ ሚስታቸው ባሉበት፣ ሸክላውን ደጋግመው አጫወቱልኝ። እውነትም የለችም።

የእናንተ ካሴት ከየት መጣ ብለው ጠየቁኝ። አባባ ከሬዲዮ እንደቀዳው ነገርኳቸው፤ ያን ጊዜ እንደሚደረገው ቴፑን ሬዲዮው ፊት ደግኖ፣ በር ዘግቶ፣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠንቅቆ። መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሡና፣ «ታዲያ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበረች?» አሉኝ።

እትዬ፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ሚስታቸው ወንበር ሳቡልኝ። አባባ ያንን ካሴት የቀዳው እኔ ልወለድ ስል እንደሆነ ስንቴ ነግሮናል። አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነሽ፤ ሳቁ ደግሞ የትልቅ ሰው ነው። በዚያ ቤት ሌላ ሴት ማን ነበረች? እማዬ ናት። እኔን ወልዳ ያረፈችው እማዬ። አንቺ እንኳ መልኳ ብዥ እያለም ይታይሻል፤ እኔ ግን ድምፅዋ ምን ይመስል ነበር እያልኩ ስንቱን ሰው አሰልችቻለሁ፤ ለካ አብሬያት ስስቅ ነው ያደግሁት። እንዴት ሳናውቅ ቀረን? አባባስ እንዴት ዝም አለን? መናገር አቅቶት ይሆን ወይስ የምናውቅ መስሎት? እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልለሽ ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ቆልፊበት። እኔ ሳልመጣ እንስማው ብለሽ እንዳታጫውቺው፤ ክሩ አርጅቷል፣ ቴፑ ቢበላው ሌላ የለንም። አደራ፣ መጀመሪያ እጁን የምታምኚው ቴፕ ጠጋኝ ፈልገሽ ቅጂ ይውጣለት።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ቀለሙን ሲቀባ ከመሰላሉ እንዳይወድቅ። ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለቴ። አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝና ሳሉ ጋብ ሲልለት አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፤ ያን ቀን እማዬን ምን አስቋት ነበር?

ታናሽ እህትሽ
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ሰኔ ፱ ቀን