የእሱባለው ድምፅ ያለበት ካሴት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ ለአማከለች፣ ባለሽበት ቤሩት።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ክረምት ላይ የጀመረሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? የምትሠሪላቸው አሮጊት ጠባያቸው ተሻለ? የባሕሩ ንፋስ አጥንት ይሰብራል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና ወፍራም ልብስ አገኘሽ? በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን እንድትሄጂ ይፈቅዱልሻል? እኔና እማዬ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በሕይወት አለን። እህሉ ዘንድሮ ደህና ነው፤ ገብሱን ውርጭ ሳይመታው ሰብስበናል። በጎቹም ወልደዋል። ስለ ቀረው ግን ቀስ ብዬ ልጽፍልሽ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በአክስታችን ልጅ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ለገና ደረሰኝ። ስለ ሁለቱ ወንድሞቻችን፣ እሱባለው እንዴት እንደሞተ እውነቱን ንገሪኝ፣ ወንድምአገኝ ምን ብበድለው ነው የማይጽፍልኝ ብለሻል። ከታች ደግሞ ልጅነታችን ትዝ ብሎሽ ያንን የወንጀል ልብ ወለድ፣ ኢንስፔክተር ዘርጋውን አሁንም እየደጋገማችሁ ታነቡታላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሦስት የተለያየ ነገር የጠየቅሽኝ መስሎሻል፤ መልሱ ግን አንድ ነው።

ካቻምና የካቲት፣ ለበልግ ሲታረስ፣ የጫኔ ልጅ ተገኘ ከወንዙ በላይ ባለው ማሳችን ድንበሩን አልፎ አረሰ። እሱባለው ምሳ አድርሼለት ገና መጉረሱ ነበር። ትቶት ተነሣና «ተገኘ፣ ድንጋዩን አልፈሃል» አለው። ተገኘም «ድንጋዩን ያዛወረው ያንተ ሌባ አባት ነው» አለ። አባታችንን ከመቃብሩ አውጥቶ ሰደበው። እሱባለው ሄዶ ቀንበሩን ያዘ እንጂ ሰውየውን በጣቱ አልነካውም፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለዳኛውም ይህንኑ ነው የተናገርኩት። ተገኘ ሞፈር ሊያስተካክልበት ያመጣው ምሳር መሬት ላይ ተጋድሟል። አነሣና አንገቱ ሥር መታው።

እታለም፣ እሱባለው አልጮኸም። ቀንበሩን እንደያዘ ተንበረከከ። በሬዎቹ ደሙ ሲሸታቸው ደንብረው በፈሩ ላይ ጎተቱት። ሮጬ ደርሼ ነጠላዬን ቁስሉ ላይ ብጭነው ደሙ በጣቶቼ መካከል እየፈላ ይወጣል። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፣ ደም ሞላው። ጭኔ ላይ ሞተ። ተገኘ ምሳሩን እንደያዘ ከፊቴ ቆሟል። «እስከዳር፣ ምን አደረግኩ?» አለኝ። እኔን ነው የሚጠይቀኝ! በድንጋይ ልፈጠፍጠው ብድግ ስል የእሱባለው ራስ ከጭኔ ተንሸራተተ፤ መልሼ አቀፍኩት። እሱም ምሳሩን ተሸክሞ በእግሩ ሞላሌ ፖሊስ ጣቢያ ገባና እጁን ሰጠ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ዓመቱን ሙሉ «አዎ» እና «አይ» ብቻ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣትም። ወንድምአገኝ ፀጉሩን አልላጭም ብሎ አጎፈረ፤ ደሙን ሳልመልስ አልላጭም ማለቱ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አባ ወልደ አማኑኤል ሽማግሌዎች ይዘው ሦስት ጊዜ ደጃችን ቆሙ። ተገኘ ታስሯል፣ ወንድሙ ወዳጆ ግን ከእናንተ ጋር ውኃ የሚቀዳ፣ አንድ ደብር የሚሳለም ሰው ነው፣ ደሙን አድርቁት ብለው ለመኑ። እማዬ እሺም እንቢም አላለች። ወንድምአገኝ ሲያያቸው በጓሮ ይወጣል። እኔ የዘርጋውን መጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸው ነበር። ሰው በወረቀት ላይ ሲሞት እንኳ ማየት አስጠልቶኝ።

የዓመቱ ተዝካር ወጥቶ፣ ፋሲካም አልፎ፣ አምና የሚያዝያ ጊዮርጊስ ለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ድንገት «እስከዳር፣ እስቲ ያንን ዘርጋውን አምጪና አንብቢልኝ» አለች። ዓመት ሙሉ ያልተናገረች ሴት! ወንድምአገኝ እንኳ ደንግጦ ቁጭ አለ። የትኛውን ላንብብ ብላት ሦስተኛውን፣ የባለወፍጮውን አለችኝ። አንቺ ከሁሉ የምትወጂውን።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ገጹ በጋዝና በቅቤ ጣት ቢጫ ሆኗል፣ ግን እንደ ድሮ ጎረቤት መልሶ ተቀበለን። መጀመሪያ ያነበብነው ጊዜ ትዝ ይልሻል? ገዳዩን ለማወቅ ስንቸኩል ሌላው ሁሉ ሾልኮን ነበር። አሁን ግን የምናውቀውን ነውና አንቸኩልም። ዘርጋው ካፖርቱን ሳያወልቅ ሽሮውን ሲበላ፣ የሴትየዋን ውሸት እያወቀ «እውነትሽን ነው» ሲላት፣ እማዬ ቃሉን ከእኔ ቀድማ በከንፈሯ ትለዋለች። ክፉው አማች ገና በሩን ሲገባ ወንድምአገኝ «መጣ፣ መጣ፣ ይኸው ደግሞ ሊያለቅስ ነው» ብሎ ሳቀ። ከእሱባለው ሞት በኋላ ቤታችን መጀመሪያ የተሳቀው ያን ቀን ነው።

ባለወፍጮው ሞቶ የሚገኝበት ላይ ስደርስ እማዬ አስቆመችኝ። «ተይው፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለች። ጀመርኩ። እዚያው ስደርስ ደግሞ አስቆመችኝ። ለምን ብላት «ከመጀመሪያው ስትጀምሪ ሰውየው ቁጭ ብሎ እህል ይሰፍራል፣ ከሰው ይጫወታል» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝና አንገቴን ደፍቼ አነበብኩላት። ስደጋግምላት ጉሮሮዬ ደረቀ። «እንግዲያው የአማከለችን ካሴት ክፈቱልኝ» አለች።

ልትሄጂ ሰሞን፣ ናፍቆታችሁን ትወጡበታላችሁ ብለሽ ይኸንኑ መጽሐፍ እያነበብሽ የቀዳሽውን ነው። የቴፑን ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን አሞቅነውና ከፈትነው። ድምፅሽ ሲወጣ እማዬ ደረቷን ያዘች። ቀጭን ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል፣ ያው አንቺው ነሽ። ጥሩ እየሰማን ሳለ አጠገብሽ ሰው አሳለና «ድሬሰሩ ነው! ድሬሰሩ ነው የገደለው ብያችኋለሁ!» እያለ ጮኸ። እሱባለው ነው። ቁስል አጣቢው ድሬሰር በመጽሐፉ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ አንቺን ለማናደድ ሁልጊዜ ይላት የነበረችው ናት። አንቺ «ዝም በል፣ ይቀዳል እኮ!» ስትዪው እሱ ከት ብሎ ሳቀ፣ «ወንድምአገኝ፣ በሩን ዝጋው፣ ንፋሱ ድምፄን ያበላሸዋል» አለ።

እውነቴን ነው፣ ድምፁ ካሴቱ ላይ መኖሩን ሁላችንም ዘንግተነው ነበር። ወይም እኔ ዘንግቼው እማዬ አልዘነጋችውም ይሆናል፤ ጠይቄያት አላውቅም። መልሳ አስከፈተችው። ሳቀ። መልሳ አስከፈተችው። «በሩን ዝጋው» አለ። ወንድምአገኝ ተነሣ። በሩን የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። ከግድግዳው የአባባን ምንሽር አውርዶ ወጣ።

እየጮኽኩ ተከተልኩት። ወዳጆ በግቢው በግ ይሸልት ነበር፤ በጉን በጉልበቱ ይዞ መቀሱን ከሱፉ ውስጥ አስገብቷል።  ወንድምአገኝ አነጣጠረና ተኮሰ። ጥይቱ ክንዱን ከትከሻው ሥር በጣጠሰው፤ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ወጥቶ አየሁት። በጉ ደም ተረጭቶበት በግቢው ዙሪያ ይሮጣል፣ ሚስቱ ከቤት ወጥታ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ወንድምአገኝ ደግሞ ሊተኩስ ሲል ጥይቱ ነከሰበት፣ ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ ፊቱን ፊቱን ይለው ጀመር። መንጋጋው ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ከኋላ ተጠመጠምኩበት፣ ወረወረኝ። ተነሥቼ እጁን በጥርሴ ያዝኩና አጥንቱ እስኪሰማኝ ነከስኩት። ያኔ ጠመንጃው ወደቀ። «እስከዳር፣ አንቺም ከእነሱ ነሽ?» አለኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ወዳጆ በሰው ሸክም መንገድ ወጥቶ ሆስፒታል ገባ፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ክንዱ ግን ተቆረጠ። ወንድምአገኝን ፖሊስ ሲወስደው የወዳጆ አማቾች እየፎከሩ መጡ። የገለባውን ክምር አቃጠሉት፣ ውሻችንን በዱላ ቀጠቀጡት፣ እኔን በድንጋይ ጎኔን መቱኝ፤ አሁንም ሲበርድ ይወጋኛል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ግቡና ግደሉኝ» ስትላቸው ገፍተዋት ገቡ። ቴፑን ድንጋይ ላይ ፈጠፈጡት። አንዱ ካሴቱን አውጥቶ ክሩን መዘዘውና አጥሩ ላይ በተነው። አባ ወልደ አማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው እየሮጡ ባይደርሱ ቤቱም አይተርፍም ነበር። ሰዎቹ ሲበተኑ እማዬ ጭሱ ውስጥ ገብታ ያንን ክር ከእሾሁ ላይ አንድ በአንድ ለቀመችው። እንደ ሱፍ በእንዝርት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ደብረ ብርሃን ላለ ቴፕ ጠጋኝ አሳይቼው ነበር፣ ተበጣጥሷል፣ ተጨማድዷል፣ ከእንግዲህ አይናገርም አለኝ። ይቅር በይኝ እታለም፣ ድምፅሽም አብሮ ጠፋ።

ወንድምአገኝ ተፈረደበትና ተገኘ ያለበት ወህኒ ቤት አስገቡት። እንዳይገናኙ በተለያየ ክፍል ነበር ያደረጓቸው፤ ግን ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ቦንባ ነው። በገባ በሳምንቱ እዚያ አገኘውና በጀሪካን ጭንቅላቱን ፈነከተው፣ አንቆም ሊገድለው ሲል አላቀቋቸው። ተገኘ እጁን እንኳ አላነሣም አሉ። ወንድምአገኝ ከቅጣት ቤት ሲወጣ ልጠይቀው ሄድኩ። ከስቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ምን ላምጣልህ ብለው ስንቅ ይለኛል ስል «ዘርጋውን አምጪልኝ፣ እዚህ ቀኑ አይመሽም» አለኝ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሬ ወሰድኩለት።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ጮክ ብሎ ያነባል። መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፣ አሁን ግቢው ነው የሚሰበሰበው፤ ጠባቂዎቹም ቆመው ይሰማሉ። አንዱ እስረኛ የሚፈታበት ቀን ደርሶ ሳለ ምዕራፉ እስኪያልቅ ልቆይ ብሎ አስቆ ነበር። ወንድምአገኝ ይህን ሲነግረኝ የድሮ ፊቱ መጣለት። የማያውቁትን ሰዎች ማስደንገጥ፣ አፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ ማየት፣ ራስህ መጀመሪያ ያነበብክ ቀን ላይ እንደ መመለስ ነው አለኝ።

ባለፈው ወር ስሄድ ግን ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። የመርሐቤቴ ሰው የሆነ እስረኛ መልእክት አምጥቶልኝ ነበር አለኝ። መልእክቱ የተገኘ ነው። ከወዲያኛው ጥግ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ለካ ሲሰማ ነው የከረመው። ተገኘ ማንበብ አይችልም፣ ታውቂዋለሽ። «ከዚህ ደህና አይሰማኝም፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያድርግልኝ በሉት» ብሎ ነው የላከበት።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«መጽሐፉን ከደንኩት። ቀኑን ሙሉ አንቆ የመግደል አሳብ እጄን በላኝ። በማግሥቱም አላነበብኩም፣ ሰዉ ለመነኝ፣ እንቢ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

መሬት መሬት እያየ «ከዚያ አነበብኩ፤ ከፍ አድርጌ» አለኝና አለቀሰ። እሱባለውን የሸጥኩት መሰለኝ አለ። እኔም ያቺን የነከስኳትን እጁን በሽቦው ቀዳዳ ይዤ ቆየሁ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ልንገራት ወይስ ልተወው ስል አደርኩ። በመጨረሻ ሱፍ ስትፈትል ነገርኳት። እንዝርቷን አቆመች። ትረግመዋለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ታለቅሳለች ብዬም ጠበቅሁ።

«ተገኘ ታሪኩን ከዚህ በፊት ሰምቶት ያውቃል?» አለችኝ።

«ከየት ሰምቶ፣ መጀመሪያው ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ገዳዩ ማን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው።»

«አያውቅም።»

እንዝርቷን አነሣች። ከዚያ «ለወንድምአገኝ ንገሪው» አለች፤ «አስቀድሞ እንዳይነግረው። እስኪደርስበት ይጠብቅ፣ እንደ ሰው ይስማው።» ይህን ብላ መፍተሏን ቀጠለች። በነጋታው አባ ወልደ አማኑኤልን አስጠርታ፣ ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ሲመጡ በሩ ክፍት ነው በሏቸው አለቻቸው። ወዳጆ ይምጣ አይምጣ ገና አላወቅንም። ክንዱን ያጣ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፤ ስታነቢው አንድ ሰው አጠገብሽ እንዲኖር ነው የምመኘው። እማዬ ዓይንሽን ሳላይ አልሞትም ብላ በስመ ሥላሴ ትመርቅሻለች፣ ጉንጮችሽንም ትስማለች። ወንድምአገኝ እጅ ነሥቷል፤ መጻፍ ያቆመው አፍሮ እንጂ ተቀይሞሽ አይደለም፣ አንቺ ቀድመሽ ጻፊለት። አክስታችን ወሰንየለሽ፣ እንዲሁም አባ ወልደ አማኑኤል በጸሎታቸው ጠይቀውሻል። የእሱባለው ልጅ ህሊና አክስቴን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ፊደል ቆጥራ ጨርሳ የመጀመሪያውን ገጽ እየተንተባተበች ታነብልናለች። ለአሮጊቷም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔም ናፍቆትሽ ያቃጠለኝ ታናሽሽ ነኝ።

እስከዳር
ሞላሌ፣ መንዝ
ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.